ማሽላ ውስጥ የቀበርኩት ታብሌት

መርሳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ፓፓያና ማንጎ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ከፍሬው ጋር ምክር ይጠይቁኛል። የትኛው ዛሬ ይበላል፣ የትኛው ለነገ ያድራል፣ ደሴ ድረስ ሳይላሽቅ የሚደርሰው የትኛው ነው ይሉኛል። ይሄን አውቃለሁ፣ ደስ ብሎኝም እመልሳለሁ። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጥቷል። «እትዬ፣ ያቺ ትንሿ ርካሽ ታብሌት እንዴት ናት? ለልጄ ልግዛላት ወይ? አንቺ በጦርነቱ ጊዜ ነበረችሽ አሉ» ይሉኛል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። አማርኛውን ፊደል እየለቀምኩ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛውን ግን አልነካካም። ስለ ታብሌት የሚጠይቅ ሰው ወደ እኔ መምጣቱ ራሱ የዕቃውን ደረጃ ያሳያል። ስለ ደህና ዕቃ ቢሆን ኖሮ የሚጠየቀው አዋቂ ነበር።

«አትግዢ» እላቸዋለሁ። «ለምን?» ሲሉኝ ነው ችግሩ። ቆመው የሚሰሙት ወሬ አይደለም።

ልጄን ያሳደግኳት ብቻዬን ነው። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ሞተ። ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰበት ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ የመልቀቂያ ፈተናዋን ትጠብቃለች። መጽሐፍ አልተዳረሳቸውም። አንዱን የፊዚክስ መጽሐፍ ለብዙ ሆነው ይቀባበሉታል። የእሷ ተራ ሲደርስ ከመሐሉ ገጽ ተገንጥሏል፣ መልመጃው ላይ ደግሞ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው የተሳሳተ መልስ በእስክርቢቶ ሞልቶበታል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጣችና፣ «እማ፣ መምህራችን ሁሉንም መጽሐፍ በሚሞሪ ይዞታል። ታብሌት ላለው ሰው ይጭናል» አለችኝ።

«ታብሌት ምንድን ነው?»

«ስልክ በይው። ግን ሰፊ ነው።»

«ይደወልበታል?»

«ርካሹ አይደወልበትም።»

«የማይደወልበት ስልክ!» ብዬ ሳቅኩባት። ሳቄ ግን ቤት አላቆየኝም፤ ወልድያ ሄድን።

መናኸሪያው አጠገብ ካሉት ሱቆች አንዱ ገባን። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎልማሳ ነው። ዕቃውን ከካርቶኑ ሲያወጣው ሙሽራ ከመኪና የሚያወርድ ይመስል ነበር። እኔ ማንጎ ስመርጥ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ነው፤ ሌላ የዕቃ መፈተኛ አላውቅም። የታብሌቱንም ጀርባ ጫን አደረግኩት። ሲጥ አለ።

«ኧረ እናቴ፣ አይጫኑት!» አለ ሻጩ።

«ስጫነው የሚጮህ ከሆነ ልጄ በምን ልትይዘው ነው?»

«በእጇ ነዋ፣ በቀስታ። ኦሪጅናል ነው እናቴ። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይይዛል። ሆዱ ደግሞ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይችላል።»

«መውደቅስ ይችላል?»

ልጄ አፍራ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ሻጩ ሳቀና «ለመውደቅ አልተሠራም» አለ። ከተናገረው ሁሉ ያልዋሸው ይቺን ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ የቀረው ቃሉ አንድ በአንድ ረገፈ። ቀኑን ሙሉ ይይዛል የተባለው ባትሪ ጠዋት ጠግቦ ምሳ ሳይደርስ ቀይ ያሳያል። ቤተ መጻሕፍት ይችላል የተባለው ሆድ መምህሩ የሰጣትን ሳይጨርስ ሞላሁ አለ፤ ልጄ ታሪኩን ላስወጣ ወይስ ጂኦግራፊውን እያለች ስታስገባ ስታስወጣ ዋለች። ገጽ ለመግለጥ በጣቷ ትገፋዋለች፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

«ምን ሆኖ ነው?» እላታለሁ።

«እያሰበ ነው እማ።»

«ስንተኛ ክፍል ነው ያቆመው?»

መሞቅ ደግሞ ይወዳል። ትንሽ ሲነበብበት ጀርባው ከምጣድ የወጣ ዳቦ ይሆናል። ቻርጀሩ የሚገባበት ቀዳዳ ብዙም ሳይቆይ ላላ፤ ከሥሩ የክብሪት እንጨት ካልተሸጎጠ አይቀበልም። ከላይ በኩል ያለው የመስታወቱ ክፍል ጣት አይሰማም። ካሜራው ሰውን ሁሉ ጎርፍ ያወጣው አስመስሎ ያነሳል። ድምፁ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ድካም የት እንደሚገባ አላውቅም። ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ይጮሃል፤ አጥር ተሻግሮ ይሰማል።

ያለውንም ልናገር፣ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። ቀላል ነው፤ ከአንድ ፓፓያ አይበልጥም። ፊደሉን በሁለት ጣት ሲለጥጡት ይተልቃል፣ እኔ እንኳ ያለ መነጽር አየዋለሁ። መጽሐፉ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። ልጄ ይሄንኑ እየደጋገመች ትሟገተኝ ነበር። «እማ፣ ይሄ ሁሉ መጽሐፍ በአንድ እጅ!»

«በአንድ እጅሽ እሱን፣ በሌላው እጅሽ የክብሪት እንጨቱን» እላታለሁ።

በክረምቱ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ከቆቦ በኩል ፍራሽ በጋሪ የጫነ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ቀጥሎ ወልድያ ሆነ። ቀጥሎ ሲሪንቃ። ቀጥሎ እኛ። የቻለ ሰው ወደ ደሴ ሸሸ። እኔ ጓሮዬን፣ ፓፓያዬን፣ ቤቴን ለማን ጥዬ እያልኩ ስወጣ ስወርድ መንገዱ ተዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ወፍጮው ቆመ። ከተማችን የታጠቀ ሰው ብቻ የሚንጎራደድባት ሆነች።

ለራሴ ብዙም አልፈራሁም፤ ማን ምን ያደርገኛል? ልጄ ግን የደረሰች ልጅ ናት። በዚያ ሰሞን ስለ ልጃገረዶች የሚወራውን የሰማች እናት ልጇን የምትሸሽግበት ጥግ ትፈልጋለች። ቤታችን ጓዳ ውስጥ ከጭቃና ከእበት የሠራሁት የማሽላ ጎታ አለ፤ ቁመቱ ደረቴ ላይ ይደርሳል። በእሱና በግድግዳው መሐል አንድ ሰው ተኮራምቶ የሚቀመጥበት ክፍተት አለ። ኮቴ በሰማን ቁጥር ልጄ እዚያ ትገባለች። ውላ የምታድርበት ጊዜም ነበር።

እዚያም ሆና ታነባለች። ይሄንን ለታብሌቱ እሰጠዋለሁ። ጓዳው ድፍን ጨለማ ነው፣ ወረቀት ቢሆን አይነበብም። እሱ የራሱን ብርሃን ይዞ ይመጣል። ከጎታው ጀርባ ፊቷ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ሲታየኝ የሞተች ይመስለኝና «ኧረ ዝቅ አድርጊው!» እላታለሁ።

ባትሪውን የምትሞላላት ጎረቤቴ ናት። ከቁልቋል አጥራችን ማዶ የምትኖር ሙስሊም ናት፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው። ሥጋ ለየብቻ እናሳርዳለን እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራችን ነው፤ አጥሩ መሐል ላይ በእግራችን ብዛት በር ወጥቶለታል። እሷ በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ የሶላር አምፖል አላት። ታብሌቱን ከእሱ ጋር ታገናኘዋለች፣ እንጨቱን ትሸጉጥለታለች፣ ቀኑን ሙሉ ጠጥቶ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ይቺ ጎረቤቴ በመብራቱ መጥፋት የባሰ ተቸግራ ነበር። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ብሏል። አዛን ባዩ ሙአዚን በአፉ ይጣራል፣ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማን ይሰማዋል? ሰዓት የላት፣ ስልኳ ተበላሽቷል። «የሶላቴ ሰዓት እየጠፋብኝ ነው» ብላ ስታዝን ልጄ ሰማቻት።

«እትዬ፣ እኔ ታብሌቱ ላይ አደርግልዎታለሁ» አለቻት። ሙስሊሟ የክፍል ጓደኛዋ ቀደም ብላ የጫነችበት የአዛን ፕሮግራም ነበረበት፤ ኔትወርክ ሳይፈልግ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ ይጣራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ዕቃ በየቀኑ አዛን ያሰማል። በጎረቤቴ እጅ ሲሆን ከእሷ ግቢ፣ በልጄ እጅ ሲሆን ከእኛ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ሰምታ እጅ እግሯን ታጥባ ውዱእ ታደርጋለች።

«አንቺ ትሰድቢዋለሽ፣ ለኔ ግን ሙአዚኔ ነው» ትለኛለች።

«ሙአዚንሽ የክብሪት እንጨት ካልተሸጎጠለት ነፍሱ ይወጣል» እላታለሁ።

«ወላሂ፣ ያንቺ አፍ!» ብላ ትስቃለች። በዚያ ክረምት የሳቅነው ሳቅ በሙሉ በዚያ ዕቃ ላይ ነበር።

የሆነ ሆኖ ጆሮዬ አዛኑን ለመደው። አዛን መርሳ ላይ ተወልጄ ያደግኩበት ድምፅ ነው፤ እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፣ ከየት መጣ ብዬ ቀና አልልም። ከዚያ ዕቃ ሆድ የሚወጣ መሆኑን ከነጭራሹ ማሰብ ተውኩ።

ከዚያ ስለ ስልክ የሚወራ ወሬ መጣ። ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይፈትሻሉ፣ ትልልቁ ስልክ የተገኘበት ሰው መረጃ ታቀብላለህ ተብሎ ይወሰዳል አሉ። ከታችኛው ሰፈር የተወሰደ ሰው እንዳለ ሰማሁ። ልጄን፣ «ያንን ዕቃ ሽንት ቤት ክተቺልኝ» አልኳት።

«እማ፣ ያለ እሱ እንዴት ሆኜ ነው የምፈተነው?»

«በሕይወት ሆነሽ!»

አለቀሰች። እንባዋን አልችልም። ሰው ሲመጣ ማሽላው ውስጥ እንቀብረዋለን ብለን ተስማማን። እህልና ንብረት ጎታ ውስጥ መሸሸግ የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ ብር ቢሆን፣ ጌጥ ቢሆን ማሽላው ዋጥ አድርጎ ያስቀምጣል። ብርና ጌጥ ግን አይናገሩም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ፣ «እቴ! ወደ እናንተ ታጥፈዋል!» አለችኝ። ታብሌቱን ከልጄ እጅ ነጠቅኳት። እሷ እንደምታደርገው በጎኑ ያለውን ነገር ጫን አደረግኩት፣ ጨለመ። ለእኔ የጨለመ ነገር የጠፋ ነገር ነው። ኩራዝ እፍ ሲሉት ይጨልማል፣ ጠፋ ይባላል። ይሄ ጨልሞም እንደማይተኛ እኔ በምን ላውቅ? ልጄ ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። እኔ ደግሞ የምታለቅስብኝ መስሎኝ አፏን በመዳፌ ከድኜ ከጎታው ጀርባ ገፋኋት። ዕቃውን በፌስታል ጠቅልዬ ማሽላው ውስጥ ቀበርኩት፣ ላዩን በእጄ ደልድዬ ወጣሁ።

ሁለት ሆነው ገቡ። አንደኛው አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። ሌላው፣ ጫማው የተቀደደው፣ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«እናት፣ ቤት ውስጥ ማን አለ?» አለኝ ሻርፓሙ።

«እኔና እመቤቴ ማርያም» አልኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየሁት።

«ልጅ የለሽም?»

«ደሴ ሄዳለች።»

«ስልክ አምጪ።»

ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልኬን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት።

«ሌላስ?»

«በማርያም፣ ሌላ የለኝም።»

ፓፓያ ቆርጬ አቀረብኩ። መደቡ ላይ ተቀምጦ መብላት ጀመረ። በልተው ይሄዳሉ ብዬ ትንፋሼ መለስ ሲልልኝ፣ ጎታው «አላሁ አክበር» አለ።

አስር የሚሉት የከሰዓቱ ሶላት ደርሶ ኖሯል። ማሽላው ስላፈነው ድምፁ የዚያ የጣሳ ድምፅ አልነበረም። ከጉድጓድ የሚጣራ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ነው።

ሻርፓሙ ፓፓያውን ጥሎ ተነሣ፣ ጠመንጃውን አቀባበለና ጎታው ላይ ደገነ። «ውጣ!» አለው ጎታውን።

ጎታው መጣራቱን ቀጠለ።

«ውጣ ብዬሃለሁ! እጅህን ወደ ላይ!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ በሳቅ መሬት ላይ እንከባለል ነበር፤ ታጥቆ የመጣ ሰው ማሽላ ሲማርክ ማየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ጭቃ ጀርባ ልጄ ነበረች። አፈሙዙ ጎታው ላይ ሲዞር እሷ ላይ ነው የዞረው። ቢተኩስ ጭቃው ጥይት አይመልስም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢል ደግሞ ያያታል።

«ሰው አይደለም! ዕቃ ነው ጌታዬ፣ ዕቃ ነው!» ብዬ ቀድሜው ሮጥኩ። በደረቴ ጎታውን አቅፌ ክንዴን እስከ ብብቴ ማሽላው ውስጥ ከተትኩ። አጣሁት። ማሽላ እንደ ውኃ ነው፤ ስትቆፍሪው ይመለሳል፣ የቀበርሽውን ይዞ ይንሸራተታል። ከሥሬ «ሐይየ ዐለ ሶላህ» ይለኛል፣ እጄ አያገኘውም። ከጎታው ጀርባ የልጄ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ይሰማኛል። እንዳይሰማ ብዬ ጮክ ብዬ መሳል ጀመርኩ። እየሳልኩ፣ እየቆፈርኩ፣ በልቤ ያንን ዕቃ ከነሠሪው ከነሻጩ እየረገምኩ ፌስታሉ በጣቴ ተያዘ። ሳወጣው ድምፁ ተለቀቀና ቤቱን ሞላው።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ በጓሮ በር ገባች። አዛኑን ከአጥሩ ማዶ ሰምታ፣ ከየት እንደሚመጣ ገብቷት ነው የሮጠችው። ጠመንጃውን እንዳላየች አልፋው እኔ ላይ ጮኸች።

«ዛሬም ጎታ ውስጥ ከተትሽው? ስንቴ ልንገርሽ! የሰው ዕቃ እንደ ጥሬ ይቀበራል?»

«ማናት ይቺ?» አለ ሻርፓሙ።

«ጎረቤቷ ነኝ ወንድሜ። ዕቃው የኔ ነው፣ ለሶላቴ ነው።»

«የአንቺ አዛን የክርስቲያን ጎታ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የኔ ጣራ ያፈሳላ! የሷ ጓዳ ደረቅ ነው። የመስጊዱ ማይክ መብራት የለው፣ እኔ ሰዓት የለኝ፣ በምን አውቄ ልስገድ? ሆዴ ሲርበኝ ልስገድ?»

በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። «እኔ እኮ ሼኹ ማሽላ ውስጥ የተቀመጡ መስሎኝ!»

ሻርፓሙ አልሳቀም። «ያንቺ ከሆነ ክፈቺው» አላት።

እዚህ ላይ ተያዝን። ልጄ መክፈቻውን በጣቷ እየሣለች ነው የምትከፍተው፤ ሥዕሉን እኔም ጎረቤቴም አናውቀውም። ከተከፈተ ደግሞ የባሰ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የልጄ ፎቶ ነው፣ ያውም እዚሁ ጓዳ ደጃፍ ላይ ቆማ የተነሣችው።

ጎረቤቴ ፊቷ ሳይለወጥ፣ «ሲጣራ እሰማዋለሁ እንጂ ከፍቼው አላውቅም። እኔ ጆሮዬ እንጂ ጣቴ ምን አግብቶት!» አለችው።

ከእጄ ነጥቆ እሱ ራሱ ይነካካው ጀመር። በጣቱ ወደዚህ ሣለ፣ ወደዚያ ሣለ። የላይኛው ክፍል ጣት እንደማይሰማ አልነገርኩትም። ተናደደና ጫን አደረገው፣ ሲጥ አለ። አዛኑም መሐል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ መስታወቱ ነጭ ሆነ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ትዞር ጀመር። ሻርፓሙ ጠበቀ። ክቧ ዞረች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የጸለይኩበት ጊዜ የለም፤ የጸለይኩትም ለዚያ ዕቃ ድንቁርና ነው። እባክህ አትክፈት፣ አታስብ፣ አንተ ደደብ፣ ባለህበት ቅር እያልኩ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ሻርፓሙ ወደ ጓደኛው ዞሮ።

ጓደኛው ሳይመልስለት ዕቃው ድርግም አለ። ባትሪው አለቀ። አንዴ ተጫነው፣ ደግሞ ተጫነው፣ የለም።

«ይሄንን ነው የደበቃችሁት?» አለ። የተሰደበ ሰው ነበር የሚመስለው። «እኔ እኮ አንድ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ!»

«ተወው ባክህ» አለው በሩ ላይ ያለው። «ብትሸጠው የሚገዛህ የለም፣ ብትይዘው ሸክም ነው። የልጆች መጫወቻ ነው።»

መልሶ ማሽላው ላይ ወረወረው። ትንሿን ስልኬን ግን አገላብጦ አያት፣ የባትሪ መብራቷን አበራ አጠፋ፣ ኪሱ ከተታት። «ይቺ ጥሩ ናት እናት፣ ቻርጅ ትይዛለች» አለኝ፣ የተቆረጠውን ፓፓያ አንሥቶ ወጣ። ዕቃ ያውቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ ሴቶች የዚያ ታብሌት ዋናው ጥቅሙ ይኼ ነው። ሌባ አይፈልገውም። ደህና ዕቃ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ተከፍቶ የልጄን ፊት ያወጣው ነበር፣ ሰውዬውም ዕቃውንም እሷንም ያገኝ ነበር። ይሄ በከንቱነቱ ተረፈ፣ እኛንም በከንቱነቱ አተረፈን። ለዚህ ላመሰግነው ይገባል የሚሉኝ አሉ። መጀመሪያውኑ እኔን አፈሙዝ ፊት ያቆመኝን ዕቃ ስለምን ላመስግነው!

ኮቴያቸው ሲርቅ ጎረቤቴ መሬት ላይ ዘጭ አለች። «ያ ረቢ፣ ሄዱ» አለች። ልጄ ከጎታው ጀርባ ወጣች። ጸጉሯ የሸረሪት ድር ለብሷል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ተሰበረ እንዴ?» የሚል ነበር።

እጄን አነሣሁባት። ጎረቤቴ ከተቀመጠችበት ቀሚሴን ያዘችኝ። «ተያት! ደንግጣ ነው፣ የምትለው ጠፍቷት ነው።»

«ስለ እኔ አትጠይቅም?»

«አንቺንማ እያየችሽ! ቆመሽ እየጮህሽ ምን ብላ ትጠይቅሽ?»

ልጄ ተንዘፍዝፋ ማልቀስ ጀመረች፣ እጄም ወረደ። ጎረቤቴ መሬቱን ተመርኩዛ ተነሣችና፣ «የዛሬዎቹ ሳቁ እቴ። ነገ የሚመጡት ላይስቁ ይችላሉ። ልጅቱን አውጪያት» አለችኝ።

ግራና ከምትባለው ከተማ ወዲያ ገጠር ውስጥ እህቴ ትኖራለች። ሴቶች በእግራቸው ወደ ግራና ገበያ መመላለስ አልተውም ነበር፣ በማግሥቱ ጠዋት ከእነሱ ጋር ልንቀላቀል አሰብን። ጎረቤቴ ያረጀ ቀሚሷንና ሻሿን አመጣች። ልጄን አለበስናት፣ ፊቷን በአመድ አደበዘዝን፣ ፓፓያ በቅርጫት አሸከምናት። ታብሌቱ ይቀራል አልኩ። አልተከራከረችኝም። ጓዳ ገብታ ከምድጃው ዳር የክብሪት እንጨት ስትለቅም አየኋት፣ ጫፋቸው ያልተቃጠለውን እየመረጠች።

«አምጪው» አልኳት።

ሆዴ ላይ አስተኝቼ በመቀነቴ አሰርኩት። ወድጄው አይደለም። ከተገኘ እሷ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ይገኝ ብዬ ነው። መንገድ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጠርዙ የጎን አጥንቴን ይወጋኛል። ሲሠራ እሳት ነው፣ ሲሞት ደግሞ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከከተማው መውጫ ላይ የታጠቁ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ቅርጫታችንን አይተው የበሰለ የበሰለውን ፓፓያ መረጡ። ልጄ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እኔ ሆዴን ይዤ እንደ በሽተኛ አቃሰትኩ፣ «እለፉ» አሉን።

እህቴ ቤት ስንደርስ መቀነቴን ስፈታ አየችኝ።

«ምንድን ነው ሆድሽ ላይ ያለው?»

«የልጅቱ መጽሐፍ።»

«መጽሐፍ እንዲህ ነው እንዴ?»

«ርካሹ እንዲህ ነው።»

እዚያ መንደር የታጠቀ ሰው አልነበረም። ከብት ከዋለበት ይገባል፣ ልጆች ሜዳው ላይ ይጮሃሉ፣ ማንም ዝም በሉ አይላቸውም። እህቴም ያቺን የሶላር አምፖል ዓይነት ነበራት። እኔ ግን መቆየት አልቻልኩም። ቤቴ ባዶ ነው፣ ጎረቤቴ ብቻዋን ናት፣ እነዚያ ሰዎች ተመልሰው መጥተው ሰው ቢያጡ ጥያቄው እሷ ላይ ነው የሚወድቀው።

በነጋታው ልሰናበት ስወጣ ልጄ ከእህቴ ቤት ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ግንዱን ተደግፋ፣ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንጨቱን በአንድ ጣቷ ደግፋ ታነባለች። መርሳ ላይ ቅጠል ኮሽ ሲል ቀና የምትል ልጅ ነበረች፤ እህል ስትጎርስ እንኳ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

«ልሄድ ነው» አልኳት።

«እሺ እማ» አለች። ቀና አላለችም።

ከቤቱ ፊት ለፊት ውሻ ጮኸ። አሁንም ቀና አላለችም፤ ገጹን በጣቷ ገፋችውና እስኪመጣላት ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናትሽ ስትሰናበትሽ እንዲህ ነው ወይ ብዬ ያንን ዕቃ ከጉልበቷ እነጥቅ ነበር። አሁን ግን አለመደንገጧን ትንሽ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ባዶ ቅርጫቴን አነሣሁና ወደ መርሳ መንገድ ገባሁ።